የባዶው መደርደሪያ ጠባቂ

መምህር ወንድይፍራው ማረፋቸውን የሰማሁት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሱፍ ስፈትል ነው። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ከቤቴ ፊት ለፊት ቆመና ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ከነቅድመ አያታቸው ጠራ። ለሌላ ሟች እንዲህ አያደርግም። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌን ስም አሳጥሮ ሲለፍፍ መምህር ሰምተውት፣ የጫማቸውን ክር ሳያስሩ መንገድ ድረስ ወጥተው፣ «ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ስም ነበረው፤ ሲሞት ምን ቆርጠህ ታስቀርበታለህ?» ብለውት ነበር። ይኸው በራሳቸው መርዶ ላይ አንዲት ፊደል ሳይውጥ ጠራቸው። ሲጨርስም እንደ ተማሪ ቀና ብሎ ቆየ፤ ልክ ነኝ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ በመሐል ግን የጥሩንባ ነፊው ፊት ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ፣ ደንግጬ አፌን ያዝኩ።

ለቅሶ ስሄድ የምናገረውን አስቀድሜ የማሰናዳ ሰው ነኝ። ያን ቀንም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የተቀመጡት እንደ ወጉ ብድግ አሉና «ኖር» አሉኝ። «በእግዜር» ልል አፌን ስከፍት፣ ከኋላ ቅቤ ነጋዴዋ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አልቅሳ ራሷን የምትስት መስሎኝ ልይዛት ተጠጋሁ።

«ተይኝ፣ አትንኪኝ፤ ካመለጠኝ ድንኳኑን ነው የማፈርሰው» አለችኝ በሹክሹክታ።

አመለጣት። ከጎኗ ያለችው ቀጠለች፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ የመምህር ልጆች ራሳቸው። ቄሱም ቢሆኑ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። እኔ መሐል ላይ «በእግዜር» ሳልል ቆሜ ቀረሁ፤ እነሱም ቆመው ቀሩ፤ ይኼ ደግሞ ይብሱን አሳቃቸው።

ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያየን ነውረኞች ይለናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መምህር ወንድይፍራው አጭር ሰው ነበሩ። ስማቸውና ቁመታቸው አይተዋወቁም። ወንድ ይፍራቸው አይፍራቸው አላውቅም፣ እሳቸው ግን አህያ ይፈሩ ነበር። በገበያ ቀን አህያ ከፊታቸው ከመጣ ከመንገድ ወርደው አጥር ተደግፈው ይቆማሉ። ካለፈ በኋላ «አሳለፍኩት» ይላሉ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በሱፍ ክር የታሰረ ነበር። ክሩን የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ ነጭ ስሰጣቸው «ጥቁር የለም? ለዓመት በዓል» ይሉኛል።

የተዋወቅነው ልጄን ትዕግሥትን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ የሄድኩ ቀን ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱን ሰጡኝና የልጅሽን ስም ጻፊ አሉኝ። «ትግስት» ብዬ ጻፍኩና በመዳፌ ሸፈንኩት። መዳፌን በእርሳሳቸው ጫፍ ቀስ አድርገው አነሡት።

«የሚያምር ስም ነው» አሉ። «ብቻ አንዱ ፊደል ገና ከገበያ አልተመለሰም። አንዱ ደግሞ ቸኩሎ የጎረቤቱን ነጠላ ለብሶ መጥቷል።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳላፍር ስሕተቴን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ፊደል ጨመሩ፣ ነጠላውን አስቀየሩት፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙረው «በይ አሁን አንቺ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ቀድሞ እህል ይቀመጥበት የነበረ አንድ ክፍል አለ። መምህር እሱን አስለቀቁ፣ በጭቃ አስመረጉ፣ ኖራ አስቀቡ፣ አናጺ ጠርተው ከወለል እስከ ጣሪያ የባሕር ዛፍ መደርደሪያ አሠሩበት። በሩ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ ተጻፈ። ውስጥ ግድግዳው ላይ «ዝም በሉ» ተብሎ ተጻፈ። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት። የቀረው መጽሐፍ ብቻ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጣውላ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሽፋኑ የተገነጠለ የሳይንስ መማሪያ፣ የበግ ክትባት መመሪያ፣ ሦስተኛው መጀመሪያውም መጨረሻውም የሌለው ልብ ወለድ። ልብ ወለዱን ያነበበ ልጅ ሁሉ መጀመሪያውን ከራሱ ፈጥሮ ስለሚያወራ፣ በከተማችን በሞላሌ ውስጥ ያ ታሪክ ብዙ ዓይነት ሆኖ ነበር። መምህር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሩን ይከፍታሉ። ልጆች ተራ ይዘው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ባዶውን መደርደሪያ ያያሉ። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ሲንሾካሾኩ አግኝተው «ውጡ፣ ሰው ያነባል» ብለው አስወጧቸው። የሚያነብ ሰው አልነበረም።

እኔ ሆዴ አይችልም፤ ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ መጻሕፍቱ የት አሉ?»

«እየመጡ ነው።»

«ከየት?»

«የትዕግሥት እናት፣ አንቺ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከየት መጣህ ትይዋለሽ ወይስ ተቀመጥ? የኔ ሥራ ቤቱን ጠርጎ መቀመጫውን ማሰናዳት ነው።»

እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ። በየወሩ መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። አቧራ እንኳ የሚያነበው አላገኘም እያለች ዘነበች ትቀልድባቸው ነበር።

ትዕግሥት ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ አንድ ደብዳቤ መጣ። አገር አቀፍ የፊደል ውድድር ሊደረግ ነው። ዳኛ ቃል ይጠራል፤ ልጁ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሞ ቃሉን ፊደል በፊደል፣ ከነስሙና ከነተራው ይቆጥራል። የትኛው «ሐ» እንደሆነ፣ ግዕዝ ይሁን ራብዕ፣ ሁሉንም ሳያደናግር። እስከ ሦስተኛ የሚወጡ ልጆች ለየትምህርት ቤታቸው ሙሉ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ መጽሐፍ ያሸልማሉ።

መምህር ወደ ቤቴ እየሮጡ መጡ። መንገድ ላይ አንድ አህያ ገጥሟቸው በትከሻቸው ገፍተውት እንዳለፉ ጎረቤቶቼ ነገሩኝ። ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

እኔ እምቢ አልኩ። ልጄ ፊደል ትወዳለች፣ ትችላለችም። እኔ ግን መንገድ እፈራለሁ።

«ምን ምን ነው የምትፈሪው? አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሉና ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

ነገርኳቸው። መኪናው ይገለበጣል። ብርድ ይመታታል። ሙቀት ይመታታል። የሰው ዓይን ይበላታል። የከተማ ውሃ ሆዷን ያማታል። ደረጃ ላይ ትወድቃለች።

«ደረጃው ምን አደረገሽ?»

«ከፍ ያለ ነው።»

ሁሉንም ጻፉ። ከሥሩ «ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ እኔ እጠብቃለሁ» ብለው ፈረሙበት። ከዚያ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ማኅተም አስደርገውበት ተመለሱ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብቻ አልኩ።

ልምምዱ ገበያ ላይ ሆነ። መምህር በየነጋዴው እየዞሩ ቃል የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አደሉ። ትዕግሥት እያንዳንዱ ነጋዴ ዘንድ ቆማ የእሱን ቃል ሳትቆጥር ማለፍ አትችልም። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ወረቀታቸውን እንደ ክታብ ይዘው ይጠብቋታል። ዘነበች የደረሳት ቃል «ኅብረት» ነበር።

«እኔ ጋ ነይ፣ ቅድሚያ የኔን» ትላለች ከቅቤዋ ኋላ።

«ብዙኃኑ ኀ፣ ሳድስ። በ፣ ሳድስ። ረ፣ ግዕዝ። ተ፣ ሳድስ።»

«ልክ ነች መምህር?»

«ልክ ነች።»

«እንግዲያው ሌላ ቃል ይስጡኝ፣ ይኼ ቀለላት። ጨው ነጋዴው ከባድ ተሰጥቶት እኔን ቀላል የሰጡኝ ምን አጥፍቼ ነው?»

ከቆላ ጨርቅ ይዘው የሚመጡት ጋሽ ሰኢድ ደግሞ ቃላቸውን ለማንም አያሳዩም፤ ኮፍያቸው ሥር ይደብቁታል። ትዕግሥት ስትመልስላቸው አንድ ክንድ ጥብጣብ ቆርጠው ለፀጉሯ ይሰጧታል። በዚያ ዓመት ልጄ ባለ ብዙ ጥብጣብ ሆነች። እኔም የሰው ዓይን ፈርቼ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በየኪሷ እከትላት ነበር። መምህር አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አሸተቷትና «የትዕግሥት እናት፣ ዳኞቹ ሊሰሟት ነው የሚቀመጡት፣ በወጥ ሊበሏት አይደለም» አሉኝ።

የውድድሩ አንድ ደንብ ግን ያስጨንቃቸው ነበር። ልጁ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ቃሉን እስኪጨርስ ከአፉ የሚወጣ ማንኛውም ድምፅ እንደ ፊደል ይቆጠራል። ማረም የለም። ከአዳራሹም ለተወዳዳሪ መናገር ክልክል ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ያለማምዷት ጀመር። ትዕግሥት ስትቆጥር ፊት ለፊቷ ይቀመጡና ያጨበጭባሉ። ዶሮ ይለቁባታል። «ርቦሻል?» ይሏታል። «እናትሽ እየጠራችሽ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን ፍርሃታቸውን ውጠው የሰው አህያ በገመድ እየጎተቱ ክፍሉ ውስጥ አስገቡ፤ አህያው አናፋ፣ መምህር ወንበር ላይ ወጡ፣ ልጄ ግን ዓይኗን ሳታነሣ ቃሏን ጨረሰች። ያልሞከሩት ነገር የለም ብለን ነበር። አንድ ነገር ቀርቷቸው ኖሯል። ሁልጊዜ ፊቷ ተቀምጠው ነበርና ማንም አላሰበውም።

በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን የተደረጉትን ማጣሪያዎች አለፈች። ለመጨረሻው አዲስ አበባ ሄድን። መምህር ያላቸውን አንድ ኮት ለብሰው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከሸሚዛቸው በላይ አውጥተው አንጠለጠሉት። መኪናው ጣርማ በርን ሲያልፍ ወረቀቴን ከኪሳቸው አወጡና «መኪናው አልተገለበጠም» ብለው ሰረዙ። ማረፊያችን ስንደርስ ደረጃውን ከኋላዋ እጃቸውን ዘርግተው ወጡና «ደረጃ» ብለው ሰረዙ። ተሳፋሪውም አስተናጋጁም እንደ እብድ አያቸው።

የመጨረሻው ቀን አዳራሹ ሞላ። እኔና መምህር ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ከዚያ እኔ የትዕግሥትን ቀሚስ አየሁ፤ ስስ ነው። ከመንዝ ይዤላት የመጣሁት ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሷ፣ ማረፊያችን ቀርቷል።

«ብርድ ከመታት ድምጿ ይዘጋል» አልኩ።

«አዳራሹ እኮ ይሞቃል።»

«አሁን ይሞቃል። በኋላስ?»

መልሰው ወደ መድረኩ ዞሩ። እኔ ግን አልተውኳቸውም። ሦስቴ፣ አራቴ «ባናው» አልኩ መሰለኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥተው አዩት፤ ብርድ አልተሰረዘም። «ማኅተም አድርጌበታለሁ፤ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ወጡ።

ውድድሩ ተጀመረ፣ ልጆች ወጡ፣ ልጆች ወደቁ፣ መምህር ግን አልተመለሱም። ለካ መታወቂያ ካርዳቸውን ወንበር ላይ ትተውት ሄደው በር ጠባቂው አላስገባ ብሏቸው ኖሯል። መድረኩ ላይ አራት ልጆች ቀሩ። አሁን አንድ ልጅ ከወደቀ የቀሩት ሦስቱ ያሸንፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች መለሱ። የትዕግሥት ተራ ደረሰ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ፀጉራቸው የነጣ ሴት ነበሩ፤ ቃሉን እሳቸው ጠሩ።

«ሕፃናት።»

ገበያ ላይ ጋሽ ሰኢድ ኮፍያ ሥር የነበረ ቃል ነው። ልጄ ፈገግ ስትል አየኋት።

«ሐመሩ ሐ፣ ሳድስ። ፀሐዩ ፀ፣ ራብዕ።»

የአዳራሹ በር ተከፈተ። መምህር ወንድይፍራው ላብ በላብ ሆነው፣ ያንን የሚያህል የበግ ሱፍ ባና ትከሻቸው ላይ ጭነው ገቡ።

«ኖር» አለች ትዕግሥት፣ በድምፅ ማጉያው።

ከተወለደች ጀምሮ ትልቅ ሰው ሲገባ የምትለው ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔም ተነሥቼ «ኖር» ብዬ ነበር፤ ራሴን ያገኘሁት ቆሜ ነው። ከኋላዋ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረው የጎጃም ልጅ ተነሣ። ፊት መስመር የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተነሡ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እያየ የአዳራሹ እኩሌታ ብድግ አለ፤ «ኖር፣ ኖር፣ ኖር»።

መምህር በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ልጅቷ ቃል መሐል ላይ እንዳለች ገባቸው። «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ደንቡ ትዝ አላቸውና በባናው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

እንግዲህ አስቡት። እሳቸው «በእግዜር» ካላሉ እኛ እንዴት እንቀመጥ?

«እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እመቤቴ፣ ሰውየው በእግዜር ሳይሉ?» አሉ ባለ ጋቢው ሽማግሌ።

አንድ ወጣት ዳኛ ጣልቃ ገባ። «ለተወዳዳሪ መናገር በደንቡ ክልክል ነው።»

«ክልክል ከሆነ እንቆማለን። ምን ቸገረን፣ እግር አለን» አሉ ሽማግሌው።

ሳቅ እዚህም እዚያም ፈነዳ። መምህር በአንድ እጃቸው አፋቸውን እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው ወደ ልጄ ጨርሺ፣ ጨርሺ የሚል ምልክት እንዳያሳዩ እሱንም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ትዕግሥት ብቻ ሳትስቅ ቆየች። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

«ነ፣ ራብዕ። ተ፣ ሳድስ። ሕፃናት።»

የማብቂያው ደወል ተደወለ። መምህር ባናውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ በሞቴ ተቀመጡ» አሉ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ተቀመጠ፤ የወንበሩ ድምፅ እንደ በረዶ ዶፍ ነበር።

ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጠሙ። ወጣቱ ዳኛ ወረቀቱን አንሥቶ «በደንቡ መሠረት ተወዳዳሪዋ የቆጠረችው ቃል ‹ሕፃኖርናት› ነው» ሲል ሕዝቡ እንደገና ፈነዳ፤ እሱም ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሰብሳቢዋ ወደ ልጄ ዞሩ። «ልጄ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

«መምህር ገቡ።»

«መናገር እንደማይቻል እያወቅሽ?»

«አዎ። ግን መምህር ገቡ።»

ሰብሳቢዋ የደንቡን ወረቀት ገለበጡ። ሊያድኗት እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ መምህርን ወደ ፊት ጠሯቸው። «የተናገረችው ለእርስዎ ነው፤ መልስ ልትሰጥ አይደለም። እርስዎ ምን ይላሉ? ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?»

ያ ሁሉ ዓመት የተወለወለ መደርደሪያ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቁልፉ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አይቆጠር በሉ፣ አይቆጠር በሉ እያልኩ በልቤ ለመንኩ።

«ከአራት ልጆች ሦስቱ እስካሁን ደንቡን ጠብቀዋል» አሉ መምህር። «እኔ ፊደል የማስተምረው አንዲት እንዳትጨመር፣ አንዲት እንዳትጎድል ብዬ ነው። ‹ኖር› ብላለች፤ ተሰምቷል። ይቆጠር። ልጄ ግን አላጠፋችም፤ አርፍጄ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ባናውን ማን እንዳስመጣቸው አልተናገሩም። ተነሥቼ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ሲገባኝ ተቀምጬ ቀረሁ። ትዕግሥት አራተኛ ሆነች። መጽሐፉ ለሌሎቹ ሦስት ትምህርት ቤቶች ሄደ።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ እንባዬን ስጠርግ መምህር ይስቃሉ። በመጀመሪያ ከሐዘን ብዛት መስሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ደረስን፣ ይስቃሉ። «ሰማሽ የትዕግሥት እናት፣ አዲስ አበባ፣ ያንን የሚያህል አዳራሽ ተነሣልኝ። ሚኒስትር እንኳ እንዲህ ተነሥተውለት ያውቃሉ?» ይላሉ። ትዕግሥትንም ሳቁ አሸነፋት፣ እሷም ሳቀች።

«መምህር፣ ባናውን ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አልኳቸው።

ወረቀቴን አወጡ። መኪናው፣ ብርዱ፣ ሙቀቱ፣ ዓይኑ፣ ውሃው፣ ደረጃው፣ ሁሉም ተሰርዟል። እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርሰው ከሥሩ አንድ ነገር ጻፉና ሰጡኝ። «የመምህር መግባት» ይላል።

«ይኼን መፍራት ረስተሽ ነበር» አሉኝ።

ያኔ እኔም ሳቅሁ፤ ሞላሌ እስክንደርስ ሦስታችንም አላቆምንም። ተሳፋሪው ያሸነፍን መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ አለን።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። እኛ ሳናውቅ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘነበች ገበያ መሐል ስልክ ይዛ «እዩት፣ እዩት፣ መምህር አፋቸውን በባና ይዘው» እያለች ቅቤ መሸጥ ተወች። ሌላ ወር አለፈና የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ረዳት አንድ ካርቶን ከላይ አወረደ። ላዩ ላይ «‹ኖር› ለተባሉት መምህር፣ ሞላሌ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ አድራሻ የለውም። ስንከፍተው መጽሐፍ ነው።

መምህር ተጠርተው መጡ። ካርቶኑን ቆመው አዩት። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጎንበስ አሉ።

«ኖር» አሉት።

ካርቶኑ ምን ይመልሳል? ረዳቱ ግራና ቀኝ አየና «በእግዜር» አለ። እሳቸውም አመስግነው ካርቶኑን አሸክመው ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ አንድም፣ አሥርም እየሆነ ይመጣ ጀመር። ባለ ጋቢው ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸውን መጻሕፍት ላኩ። ሰብሳቢዋ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ልከው፣ ውስጡ «ለረጅም ጊዜ ላስቆሙን» ብለው ጻፉበት። መምህር እያንዳንዱን መጽሐፍ ተነሥተው ተቀበሉት፤ አንዱንም ተቀምጠው አልተቀበሉም። የመጨረሻው ጣውላ የሞላ ቀን ለአናጺው ሌላ መደርደሪያ አዘዙ። «ቤቱ ጠበበ፤ እንግዳ ደጅ አይቆምም» አሉ።

የውሰት መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የጻፉት የኔን ስም ነው። አይሆንም፣ እኔ እኮ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ ብላቸው «የትኛው ገጽ ላይ ነው ያቆምሽው? ከዚያ እንቀጥላለን» አሉኝ። ይኸው በየሁለት ሳምንቱ አንድ መጽሐፍ እወስዳለሁ። ቀን አላሳልፍም። ባሳልፍ ምን እንደሚሉኝ ስለማላውቅ እፈራለሁ።

ያረፉ ሰሞን እጄ ላይ አንድ መጽሐፍ ነበር። መመለሻው ቀን የዋለው በሠልስታቸው ማግሥት ነው። ይቆይ፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ አሰብኩ፤ አላስቻለኝም። መጽሐፉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ትዕግሥት አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከእሳቸው ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር አስጠግታ ተቀምጣለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። የእሳቸው ወንበር ላይ ማንም የለም። ልጆች ጠረጴዛውን ከበው ያነባሉ፤ የገጽ መገለጥ ብቻ ይሰማል።

ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። «ኖር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«በእግዜር» አልኩ እኔም በሹክሹክታ፤ ግድግዳው ላይ ዝም በሉ ይላልና።

አልሰሙኝም። ቆመው ቀሩ። ትዕግሥትም ቆማለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትታገላለች። እንደገና በሹክሹክታ አልኩ፤ ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ መጽሐፌን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ከጽሑፉ ሥር ቆሜ፣ እንደ ጥሩንባ ነፊው ጮክ አድርጌ፣ አንዲት ፊደል ሳልውጥ፣ «በእግዜር» አልኳቸው።